አብረውን የሚኖሩ ባክቴሪያዎች መቼ ነው የሚያሳምሙን?

በአዊ ዞን ያደገ ሰው ይህን ታሪክ በአንድም በሌላም መንገድ ያውቀዋል። ክረምት ነው፤ የእንጅባራ ብርድ ከምድጃ ዳር አያስነሳም። ቤት ውስጥ ያለው ሕፃን ያስለዋል፣ ያተኩሰዋል፣ ምራቁን መዋጥ አቅቶት ሌሊቱን ሲያለቅስ ያድራል። ሲነጋ አያቱ ይመጣሉ። አፉን ከፍተው ያዩና እናቱን፣ "ይሄማ እንጥሉ ወርዷል ልጄ። ሳያንቀው አስቆርጭው" ይሏታል። ሰፈር ውስጥ ደግሞ እጁ ጥሩ ነው የሚባል ቆራጭ አይጠፋም።

አያቱ ይህን የሚሉት ከክፋት አይደለም፤ ልጁ እንዳይታፈን ፈርተው ነው። ግን እስቲ አንድ ጥያቄ እንጠይቅ። ምላጩ አዲስ ቢሆን፣ በፈላ ውኃ ተቀቅሎ ቢመጣ እንኳ፣ የተቆረጠው ቦታ ሊያመረቅዝ ይችላል። ለምን? ጀርሙ ከየት መጣ?

መልሱ ብዙ ሰው ያልጠበቀው ነው፤ ከልጁ ከራሱ አፍ።

አዎ፣ ጤነኛ ከሆነው አፍ። በዚህ ጽሑፍ የምናየው ይህንኑ ነው። ዕድሜ ልካችንን አብረውን የሚኖሩ፣ እንዲያውም የሚጠቅሙን ባክቴሪያዎች እንዴት አንዳንድ ጊዜ በሽታ ያመጡብናል?

ስንት ናቸው? ምንስ ይሠራሉ?

እ.ኤ.አ. በ1683 አንቶኒ ቫን ሊውዌንሁክ የተባለ ሆላንዳዊ የጨርቅ ነጋዴ ከጥርሱ ላይ ነጭ ነገር ፋቀና ራሱ በሠራው ማጉያ መነጽር አየው። ያየው ነገር በጣም አስገረመው፤ እልፍ ጥቃቅን ፍጥረታት ይርመሰመሳሉ! ወዲያው ለንደን ለሚገኘው ሮያል ሶሳይቲ ለተባለው የሳይንስ ማኅበር በደብዳቤ ጻፈ። የሰው ልጅ በራሱ አፍ ውስጥ ያሉትን ባክቴሪያዎች ያየው ያኔ ነው።

ዛሬ ከዚያ በላይ እናውቃለን። እ.ኤ.አ. በ2016 የታተመ ስሌት እንደሚያሳየው በአንድ አዋቂ ሰው ላይ ወደ 38 ትሪሊዮን የሚጠጉ ባክቴሪያዎች ይኖራሉ። የሰውየው የራሱ ሴሎች ደግሞ ወደ 30 ትሪሊዮን ናቸው። ስለዚህ በቁጥር ከተወራረድን ባክቴሪያዎቹ ይበልጡናል ማለት ነው። ደግነቱ በጣም ትንንሽ ስለሆኑ ሁሉም ተሰብስበው ቢመዘኑ ወደ 200 ግራም ገደማ ቢሆኑ ነው።

አብዛኞቹ የሚኖሩት በትልቁ አንጀት ውስጥ ነው። ሌሎቹ በቆዳ፣ በአፍ፣ በአፍንጫና በጉሮሮ ይኖራሉ። በሰዎች አፍ ውስጥ ብቻ ከ700 በላይ ዓይነት ተገኝቷል።

ዝም ብለው ግን አይቀመጡም። ሰውነታችን ሊፈጨው ያልቻለውን የምግብ አሰር ይፈጩልናል። አንዳንዶቹ ደም እንዲረጋ የሚያስፈልገንን ቫይታሚን ኬ ይሠራሉ። ከሁሉም በላይ ቦታ ይይዛሉ። እናቶቻችን ወተት ሲያረጉ የሚሆነውን አስቡ። በቅሉ ውስጥ ያሉት ጠቃሚ ባክቴሪያዎች ወተቱን ስለሚያኮመጥጡት የሚያበላሹት ሌሎች ባክቴሪያዎች በቀላሉ አይራቡበትም። በሰውነታችንም እንደዚያው ነው። ቀድመው የሰፈሩት ነዋሪዎች ምግቡንም ቦታውንም ስለያዙ፣ ከውጭ የመጣ አደገኛ ባክቴሪያ ቦታ ያጣል።

እሺ፣ እንዲህ የሚጠቅሙን ከሆነ ታዲያ ምን ተገኝቶ ነው የሚያሳምሙን?

አዊ የፈረስ አገር ነው። በየዓመቱ ጥር 23 ቀን ፈረሰኞቹ እንጅባራ ላይ ሲወጡ ያየ ሰው ፈረስ ለአገሬው ምን ማለት እንደሆነ ይገባዋል። ያው የተከበረ ፈረስ ግን ገመዱን በጥሶ ጎረቤት ገብስ ውስጥ ቢያድር ጠብ ያመጣል። ፈረሱ ክፉ ሆኖ አይደለም። ፈረሱ ያው ፈረስ ነው፤ የተለወጠው ያለበት ቦታ ነው። አንድ ፈረስ የነበረው መስክ ላይ መቶ ፈረስ ቢለቀቅበትም መስኩ ይጠፋል። ጠባቂው እንቅልፍ ከወሰደውም እንዲሁ።

የባክቴሪያዎቹም ነገር በእነዚህ ሦስት ይጠቃለላል፦ ቦታ፣ ሚዛን እና ጠባቂ። አንድ በአንድ እንያቸው።

አንደኛ፦ ቦታ ሲለቁ

ቴዎዶር ኤሸሪክ የተባለ የሕፃናት ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1885 ከሕፃናት ሰገራ ውስጥ አንድ ባክቴሪያ ለይቶ አወጣ። ባክቴሪያው ዛሬ በእሱ ስም ይጠራል፤ በአጭሩ ኢ ኮላይ እንለዋለን። ብዙዎቹ የኢ ኮላይ ዝርያዎች አንጀት ውስጥ እስካሉ ድረስ ሰላማዊ ናቸው።

የሽንት ፊኛ ግን አንጀት አይደለም። ኢ ኮላይ ከፊንጢጣ አካባቢ ተነሥቶ ወደ ሽንት ቱቦ ከገባ፣ በላዩ ላይ ባሉት ጸጉር መሰል መያዣዎች የፊኛውን ግድግዳ ቆንጥጦ ይይዝና ይራባል። ከዚያ በኋላ ያለውን የታመመ ያውቀዋል፤ ሽንት ማቃጠል፣ ቶሎ ቶሎ መምጣት፣ ከእምብርት በታች ማመም። ወደ ላይ ወጥቶ ኩላሊት ከደረሰ ደግሞ ትኩሳትና ብርድ ብርድ ማለት ይመጣል፤ ይሄኛው አደገኛ ነው። በሌላ መልኩ ጤነኛ በሆኑ ሰዎች ላይ ከሚከሰተው የሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽን አብዛኛው የሚመጣው በዚሁ በኢ ኮላይ ነው።

ይህ ሕመም ሴቶች ላይ የሚበዛው በንጽሕና ጉድለት ነው ብሎ የሚያስብ ሰው ብዙ ነው፤ ስሕተት ነው። የሴት ልጅ የሽንት ቱቦ ርዝመት ወደ 4 ሴንቲ ሜትር፣ የወንድ ደግሞ ወደ 20 ሴንቲ ሜትር ይሆናል። ለባክቴሪያው አጭር መንገድ ነው ያገኘው፤ በቃ። ስለዚህ በዚህ ሕመም የተያዘች ልጅ የምታፍርበት ምንም ምክንያት የለም።

ሌላ ምሳሌ፦ ስታፊሎኮከስ ኦሪየስ የተባለው ባክቴሪያ ከሦስት ሰዎች በአንዱ አፍንጫ ውስጥ ምንም ሳያደርግ ይኖራል። ቆዳ ሲሰነጠቅ ወይም ሲላጭ ገብቶ ከጸጉር ሥር ከተቀመጠ ግን ያቺን የምታውቋትን ቡግንጅ ያወጣል። ከባሰም ወደ ደም ሊገባ ይችላል።

ሁለተኛ፦ ሚዛን ሲዛባ

ጥርሳችን ላይ የሚኖሩ አንዳንድ ባክቴሪያዎች ስኳር ይወዳሉ። ስኳሩን ሲበሉ አሲድ ያወጣሉ፤ አሲዱ ጥርስን ይበላል። ጣፋጭ የምናገኘው አልፎ አልፎ ከሆነ ምራቃችን አሲዱን አጥቦ ጥርሱን ለመጠገን ጊዜ ያገኛል። ቀኑን ሙሉ ከረሜላ ከመጠጥን ግን አሲድ ወዳዶቹ በዝተው ሌሎቹን ይገፋሉ። ጥርስ ተበላ የምንለው ይህንን ነው። ትልም የለም፤ የራሳችን ነዋሪዎች ናቸው።

ሚዛንን የሚያዛባ ሁለተኛ ነገር አለ፤ ያለ ሐኪም ትእዛዝ የሚወሰድ አንቲባዮቲክ። አንቲባዮቲክ ሕይወት የሚያድን መድኃኒት ነው፤ በዚህ ጥርጥር የለም። ግን ጥፋተኛውን ብቻ ለይቶ አይመታም። አረም ለማጥፋት ማሳውን በሙሉ እንደ ማረስ ነው፤ ሰብሉም አብሮ ይሄዳል። ሰላማዊዎቹ ሲያልቁ ጥግ ይዞ የነበረ፣ ለመድኃኒቱ የማይበገር ይነሣል። ክሎስትሪዲዮይደስ ዲፊሲል የሚባለው ባክቴሪያ አንዱ ነው። በአንዳንድ ሰዎች አንጀት ውስጥ ጥቂት ሆኖ ይኖራል። ሌሎቹ በአንቲባዮቲክ ሲያልቁለት ግን ተራብቶ ከባድ ተቅማጥ ያመጣል።

ለዚህ በሽታ ምን መድኃኒት ተገኘለት መሰላችሁ? እ.ኤ.አ. በ2013 የታተመ፣ ሆላንድ ውስጥ የተካሄደ ጥናት በሽታው ለተመላለሰባቸው ሕሙማን ከጤነኛ ሰው ሰገራ የተዘጋጀ ፈሳሽ ወደ አንጀታቸው አስገባ። ከ16ቱ 13ቱ በመጀመሪያው ዙር ብቻ ዳኑ። ያዳናቸው ገዳይ መድኃኒት አይደለም፤ የጠፉት ነዋሪዎች መመለሳቸው ነው።

ሦስተኛ፦ ጠባቂው ሲደክም ወይም ሲሳሳት

የሳንባ ምች የሚያመጣው ኒሞኮከስ በብዙ ጤነኛ ሕፃናት አፍንጫና ጉሮሮ ውስጥ ይገኛል። ሕፃኑን በጉንፋን፣ በምግብ እጥረት ወይም በኩፍኝ ጉልበቱ ሲደክም ግን ወደ ሳንባ ይወርዳል። ማጅራት ገትር የሚያመጣው ባክቴሪያም እንደዚሁ ምንም ሳይሰማቸው በጉሮሯቸው የሚሸከሙት ሰዎች አሉ፤ ጥቂቶች ላይ ግን ወደ ደምና ወደ አንጎል ሽፋን ይሻገራል። አገራችን ከሴኔጋል እስከ ኢትዮጵያ በሚዘረጋው የማጅራት ገትር ቀበቶ ውስጥ ናት።

ክትባት የሚሠራው እዚህ ላይ ነው፤ ጠባቂውን አስቀድሞ ያሠለጥናል። የኒሞኮከስ ክትባት በኢትዮጵያ ከ2004 ዓ.ም. ጀምሮ ሕፃናት በ6፣ በ10 እና በ14 ሳምንታቸው የሚወስዱት ሆኗል። እ.ኤ.አ. ከ2013 እስከ 2015 ደግሞ ኤ የተባለውን የማጅራት ገትር ዓይነት የሚከላከል ክትባት በዘመቻ ከ1 እስከ 29 ዓመት ላሉ ሰዎች ተሰጥቷል።

ጠባቂው ሳይደክምም ሊሳሳት ይችላል። ይሄኛውን በደንብ ልብ በሉት፣ ምክንያቱም ከሕፃኑ ጉሮሮ ጋር በቀጥታ ይገናኛል። ስትሬፕቶኮከስ የሚባል አንድ የጉሮሮ ባክቴሪያ አለ። በአንዳንድ ተማሪዎች ጉሮሮ ውስጥ ያለ ሕመም ይቀመጣል፤ በሌሎች ላይ ግን ከባድ የጉሮሮ ሕመም ያመጣል። ሰውነት እሱን ለመዋጋት መሣሪያ ያዘጋጃል። ችግሩ የባክቴሪያው መልክ በልባችን በሮች ላይ ካሉ ነገሮች ጋር መመሳሰሉ ነው። ስለዚህ በጥቂት ልጆች ላይ ጠባቂው ተሳስቶ የራሱን ልብ ይመታል። ጉሮሮው ከዳነ ከሁለት ከሦስት ሳምንት በኋላ መገጣጠሚያ ያብጣል፣ ትኩሳት ይመጣል፤ ሲደጋገም የልብ በሮች ይበላሻሉ። ሪውማቲክ የልብ በሽታ የሚባለው ይህ ነው።

በሽታው በኢትዮጵያ ልጆችንና ወጣቶችን ከሚያጠቁ ዋና ዋና የልብ ሕመሞች አንዱ ነው። ዶክተር በላይ አበጋዝ የመሠረቱት፣ አዲስ አበባ በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ግቢ ያለው የልብ ሕሙማን ሕፃናት ማዕከል ከሚያክማቸው ልጆች መካከል በዚሁ መንገድ ልባቸው የተጎዳ አሉ።

ሦስቱ አንድ ላይ ሲመጡ

አሁን የተማርነውን እናገጣጥመው። ጥርሳችንን ስንፍቅ እንኳ ጥቂት የአፍ ባክቴሪያዎች ወደ ደም ይገባሉ። ጤነኛ ሰው ላይ ጉበትና ጣፊያ በደቂቃዎች ውስጥ ስለሚያጸዷቸው ማንም አያውቅም። ልቡ የተጎዳ ልጅ ላይ ግን የልቡ በር ሻካራ ሆኗል። ባክቴሪያዎቹ እዚያ ላይ ይለጠፉና ይራባሉ፤ ካልታከመ የሚገድል ኢንፌክሽን ይሆናል። ጥርስ ላይ ምንም የማያደርግ ባክቴሪያ ልብ ላይ ሲደርስ እንዲህ ነው።

እስቲ አስቡት፤ ጥርስ መፋቅ ይህን ያህል በር ከከፈተ፣ እንጥል መቁረጥስ? እንጥል ደም ሥር የበዛበት ሥጋ ነው። ቁስሉ የሚቀረው ብዙ ባክቴሪያዎች በሚኖሩበት አፍ ውስጥ ነው፤ በፋሻ አይታሰር፣ ደረቅ አይሆን። ቆራጩ ምላጩን ቢቀቅልም የልጁን ምራቅ ሊቀቅል አይችልም። ሕፃን ሲያስቀምጠው ግግ ማስቧጠጥም ያው ነው። ያልወጣውን ጥርስ ለማውጣት ድድ ሲቀደድ፣ ተቅማጥ ያደከመው ጠባቂ ላይ አዲስ በር ይከፈታል። አንድ ምላጭ ለብዙ ልጆች ከዋለ ደግሞ ኤችአይቪና የጉበት ቫይረስ ይጨመሩበታል።

የአዊ አንባቢ ማወቅ ያለበት ሌላም አለ። የቴታነስ ማለትም የመንጋጋ ቆልፍ ባክቴሪያ ፈረስን ጨምሮ በእንስሳት አንጀት ውስጥ ይገኛል፤ ፈረሱን እዚያ ሆኖ አያሳምመውም። ከፋንድያው ጋር ወጥቶ አፈር ውስጥ ለዓመታት ይቆያል። ጥልቅ ቁስል ውስጥ ሲገባ ግን መርዝ ያመነጫል። ፋንድያ ወይም እበት የተነካ እጅ ወይም መሣሪያ የሕፃን አፍም ሆነ እትብት ላይ መድረስ የሌለበት ለዚህ ነው። ኢትዮጵያ በ2009 ዓ.ም. የእናቶችና የጨቅላ ሕፃናት ቴታነስ የኅብረተሰብ ጤና ችግር ከመሆን እንደወጣ ማረጋገጫ አግኝታለች። ባክቴሪያው ግን ከአፈሩ አልጠፋም። የጠበቀን ክትባትና ንጹሕ ወሊድ ነው።

"እኔ ተቆርጬ ድኛለሁ እኮ!"

ይህን የሚል ሰው ሁሌም ይገኛል፤ እውነቱንም ነው። ግን ያዳነው መቆረጡ ነው? አብዛኛው የልጆች የጉሮሮ ሕመም የሚመጣው በቫይረስ ስለሆነ በሳምንት ገደማ ውስጥ በራሱ ይሄዳል። እንጥሉም ወረደ የሚባለው ጉሮሮው ስለቆጣና ስላበጠ ነው፤ ሕመሙ ሲያልፍ ተመልሶ ይሟሽሻል። ልጁ በሦስተኛው ቀን ተቆርጦ በሰባተኛው ቀን ከዳነ፣ ምስጋናውን ቆራጩ ይወስዳል። ያልተቆረጠው የጎረቤት ልጅም በሰባተኛው ቀን እንደዳነ የሚያነሣው የለም። የሳይንስ ሥራ እንዲህ ዓይነቱን ንጽጽር ማድረግ ነው።

የጉሮሮው ሕመም የመጣው በስትሬፕቶኮከስ ከሆነ ደግሞ መቁረጥ ባክቴሪያውን አያጠፋውም። ልጁ የተቆረጠው እንጥሉ ነው፤ የሚጎዳው ግን ልቡ ሊሆን ይችላል። የሚያሳዝነው፣ መድኃኒቱ ቅርብ መሆኑ ነው። ሕመሙ በጀመረ በ9 ቀን ውስጥ የተሰጠ ፔኒሲሊን ልብን ከዚህ ጉዳት ያድናል። ለቁርጫ የሚባክነው ጊዜ ከእነዚህ ቀናት ላይ የሚቀነስ ነው።

በ1997 ዓ.ም. ሥራ ላይ የዋለው የወንጀል ሕግም አንቀጽ 561 ላይ የሕፃን እንጥል መቁረጥንና የወተት ጥርስ ማውጣትን ጎጂ ልማድ ብሎ በስም ይጠቅሳል፤ ለሞት ሲያበቃም ያስቀጣል። አያቶቻችንን የሚያሳምናቸው ግን ቅጣቱ ሳይሆን ምክንያቱ ይመስለናል።

ታዲያ ምን እናድርግ?

ባክቴሪያን ሁሉ ማጥፋት አንችልም፤ ብንችልም ይጎዳናል። ማድረግ የምንችለው በየቦታቸው፣ በየመጠናቸው እንዲቆዩ ነው።

ጥርስን በብሩሽም ሆነ በመፋቂያ በየቀኑ ማጽዳት ሚዛኑን ይጠብቃል። ከሽንት ቤት በኋላ ከፊት ወደ ኋላ መጥረግ፣ ውኃ በደንብ መጠጣትና ሽንትን አለመያዝ ኢ ኮላይን ከፊኛ ያርቀዋል። ቡግንጅን አታፍርጡ፤ በተለይ አፍንጫና ከንፈር አካባቢ ያለችውን። ከሌላ ሰው የተረፈ አንቲባዮቲክ አትዋጡ፤ ሐኪም ያዘዘውን ደግሞ እንደታዘዘው ጨርሱ።

ወደዚያ ሕፃን እንመለስና፣ አያቱ "እንጥሉ ወርዷል" ሲሉ ቤት ውስጥ የተማራችሁት እናንተ ልትሆኑ ትችላላችሁ። "እማማ፣ እውነት ነው አብጧል። ያበጠው ግን ታሞ ነው፤ ብንቆርጠው አፉ ውስጥ ያለው ሁሉ ወደ ደሙ ይገባበታል። ጤና ጣቢያ እንውሰደው" ማለት ትችላላችሁ። ሕፃኑ መተንፈስ ካቃተው፣ መጠጣት ወይም መጥባት ካልቻለ፣ ምራቁ ከተዝረበረበ ወይም ከደነዘዘ ለነገ የሚባል ነገር የለም፤ በዚያው ሰዓት ይሂድ።

አያቱም የፈለጉት ልጁ እንዲተነፍስ ነው። እናንተም የምትፈልጉት ያንኑ ነው።